ከሥር ያለውን የማይደብቅ ሮለር

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። የማወራውም ስለ አንድ ትንሽ መሣሪያ ነው፤ ስለ እጅ ሮለር። ግድግዳ የሚቀባበትን ማለቴ አይደለም። ይሄኛው ጎማ የለበሰ፣ አጭር እጀታ ያለው፣ በአንድ እጅ የሚያዝ ነው። የኅትመት ሠዓሊዎች የተቀረጸ እንጨት ወይም ሊኖሊየም (የወለል ንጣፍ ዓይነት) ላይ ቀለም የሚያለብሱበት። የሥዕል ዕቃ መሸጫ ገብታችሁ "ብሬየር" የሚል ካያችሁ እሱ ነው።

የምሠራው ከወረቀት ነው። ያረጀ ጋዜጣ፣ የደብዳቤ ኮፒ፣ የዳንቴል ቁራጭ፣ የዕቃ መጠቅለያ፣ ሁሉንም በኮላ እደራርብና ቀለም እጨምርበታለሁ። ሚክስድ ሚዲያ የሚሉት ማለት ነው። አንዳንዱ ካርድ ይሆናል፣ አንዳንዱ የማስታወሻ ደብተር ሽፋን፣ አንዳንዱ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ከዕቃዎችሽ ሁሉ አንድ ብቻ ምረጪ ብባል ብሩሾቼን ትቼ ሮለሩን አነሳለሁ።

ለምን መሰላችሁ? ብሩሽ የማይገባበት የለም። እጥፋት ውስጥ ይገባል፣ ስንጥቅ ውስጥ ይገባል፣ ያገኘውን ሁሉ ይሸፍናል። ሮለር ከፍ ያለውን ብቻ ነክቶ ያልፋል። ጋዜጣ በእጃችሁ ቀዳችሁ ስትለጥፉ የተቀደደው ጠርዝ ከሌላው ትንሽ ከፍ ይላል። በዓይን ላይታያችሁ ይችላል። ጥቂት ነጭ አክሪሊክ (በውሃ የሚቀጥን፣ ቶሎ የሚደርቅ ቀለም) የያዘ ሮለር ሳትጫኑ ስታሳልፉበት ግን ጠርዙ ነጭ ሆኖ ብቅ ይላል። የኮላው ሽብሽብም፣ የዳንቴሉ ክርም እንዲሁ ይወጣል። ዝቅ ያለው ቦታ እንዳለ ይቀራል፤ ፊደሉም ከሥር ይነበባል።

ይሄ ለእኔ የሥራው ሁሉ ልብ ነው። ወረቀት ላይ ወረቀት የምንለጥፈው የታችኛው እንዲጠፋ አይደለም። አክስቴ ቤሩት ሳለች የጻፈቻቸው ደብዳቤዎች አሉኝ። ዋናዎቹን አልነካቸውም፤ የምለጥፈው ኮፒያቸውን ነው። ኮፒውን ደግሞ በሌዘር ማሽን አስነሱ። የሌዘር ቀለም ወረቀቱ ላይ በሙቀት ቀልጦ የተጣበቀ ዱቄት ስለሆነ ኮላ ሲነካው አይፈስም። ፈሳሽ ቀለም የሚረጨው የኢንክጄት ማተሚያ ቀለም ግን ብዙውን ጊዜ ውሃ ሲያገኝ ይዘረጋል፣ ጽሑፉ ይበላሻል።

ባለፈው አንዷን ደብዳቤ ለጥፌ፣ ሲደርቅ በሮለር ነጭ አሳለፍኩባት። መሐሏ ላይ ጥቅጥቅ ብሎ ያዘ፣ ወደ ዳር እየሳሳ ሄደ። ከላይ በኩል "ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል፣ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን" ይላል፤ ከዚያ ነጩ ይመጣል። "ደህና ነኝ" የሚለው ግማሹ ብቻ ነው የሚታየው። በብሩሽ እንዲህ አድርጌ ልሥራው ብል እጄ ይታወቅብኛል። የትኛውን ቃል እንደተውኩ፣ የትኛውን እንደሸፈንኩ አስቤበት እንደሆነ ያስታውቃል። በሮለሩ የወሰነው የወረቀቱ ወለል ነው። እኔ ያዋጣሁት የእጄን ክብደት ነው።

አሁን ወደ አሠራሩ ልግባ። ዋናው ቁም ነገር ቀለም ማሳነስ ነው። የፎቶ ፍሬም መስታወት ውሰዱ፣ ጠርዙን እንዳይቆርጣችሁ በፕላስተር ዙሩት። የምስር ፍሬ የምታህል ቀለም ጣል አድርጉና በሮለሩ ዘርጉት። ወደፊት ገፍታችሁ ጫፍ ስትደርሱ ሮለሩን ከመስታወቱ አንሱት። ይቺን ብዙ ሰው ይዘላታል። ሳታነሱ ወዲያና ወዲህ ብትመላለሱ ያው የጎማው ጎን ያንኑ ቦታ እየነካ ይመላለሳል፣ ቀለሙም አይዳረስም። ስታነሱት ጎማው በአየር ላይ ትንሽ ይዞርና ሌላ ጎኑ ይመጣል።

ከዚያ ጆሯችሁን ስጡት። ቀለሙ ሲበዛ ሮለሩ ይንሸራተታል፣ ድምፁም ረጠብ ያለ ነው። ልኩ ላይ ሲደርስ፣ በተለይ የኅትመት ቀለም ከሆነ፣ ሽንኩርት ሲቁላላ የሚሰማው ዓይነት ደቃቅ ድምፅ ያሰማል። አክሪሊክ ላይ ድምፁ ቀነስ ይላል፤ ግን አለ። አክሪሊክ ቶሎ ስለሚደርቅ ግን ብዙ አትጠብቁት፤ አየሩ ደረቅ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። በጋ ላይ ጥቂት ጥቂት እየዘረጉ መሥራት ነው።

ሮለሩ ባዶውንም ይሠራል፣ ያለ ቀለም። ወረቀት ስትለጥፉ አየር ከሥር ይቀርና ያብጣል፣ አይደል? ወረቀት ሲረጥብ ይለጠጣል፤ ተለጥፎ ሳለ ከተለጠጠ መሄጃ ስለሌለው ይሸበሸባል። ስለዚህ ኮላውን ቀብታችሁ ትንሽ ታገሡት። ይለጠጥና ይረፍ። ከዚያ አስቀምጡት፣ ከላይ የኬክ መጋገሪያ ወረቀት ጣል አድርጉበት፣ በደረቅ ሮለር ከመሐል ወደ ዳር ግፉ። የኬክ ወረቀቱ ኮላው ጎማውን እንዳይዘው ነው። ብትችሉ ለኮላ አንድ፣ ለቀለም አንድ ሮለር ይኑራችሁ።

ስለ ጄላቲን፣ ጄሊ ስለሚሠራበት ዱቄት፣ ሳላነሳ ባልፍ ቅር ይለኛል። ጄላቲንና ግሊሰሪን በውሃ አሟሙታችሁ ዝርግ ሳህን ላይ ብታፈሱት ሲረጋ ለስላሳ፣ እንቡር እንቡር የሚል ገበታ ይሆናል። ላዩ ላይ ቀለም በሮለር ትዘረጋላችሁ፣ ቅጠል ወይም ዳንቴል ታስቀምጡበታላችሁ፣ ወረቀት ጫን አድርጋችሁ ታነሳላችሁ። ቅጠሉን አንስታችሁ ሌላ ወረቀት ብትጫኑበት ደግሞ ከመጀመሪያው ይልቅ ሁለተኛው የቅጠሉን ስስ ጅማት ሳይቀር ያወጣዋል። እኔ ሁልጊዜ የምጓጓው ለሁለተኛው ነው። ገበታው እንዳይደርቅና ቶሎ እንዳይበላሽ ግሊሰሪኑ ይረዳዋል። ሲቀደድ አቅልጦ እንደገና ማርጋት ይቻላል። ዝግጁ የሆነ፣ ከሰው ሠራሽ ነገር የተሠራም አለ፤ አሜሪካ፣ ፊላዴልፊያ ያለው ጄሊ አርትስ የሚባል ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ይሸጠዋል። ጄላቲን ግን ከእንስሳ የሚወጣ ነውና የምን እንደሆነ ካሳሰባችሁ ማሸጊያውን አንብቡ።

የሚገርመኝ ምን መሰላችሁ? በአውሮፓ አታሚዎች ለብዙ መቶ ዓመታት ቀለም የሚቀቡት ቆዳ በለበሰ፣ ሱፍ ወይም ፀጉር በተጠቀጠቀ ኳስ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ነው ሮለር ቦታውን የወሰደው። እነዚያ ሮለሮች የተሠሩት ከእንስሳ ሙጫና ከሞላሰስ ነበር። የእንስሳ ሙጫ ደግሞ ያው ጄላቲን ነው። ዛሬ ከሮለሩ ሥር የምናረጋው ነገር ያኔ ራሱ ሮለሩ ነበር። ይሄን ሳውቅ በጣም ደስ አለኝ።

በእኛም አገር ሮለር የቆየ ታሪክ አለው። አቶ አለ ፈለገ ሰላም እ.ኤ.አ. በ1957 ባቋቋሙት የአዲስ አበባው ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሀንሰን ባሂያ የሚባል ጀርመን የተወለደ ሠዓሊ የእንጨት ኅትመት ያስተምር ነበር። ከተማሪዎቹ አንዱ ዘሪሁን የትምጌታ ነው። ዘሪሁን በኋላ በቀርከሃ ስንጥቆች ላይ በሚሠራቸው ሥዕሎቹ ታወቀ። ስንጥቆቹ ጎን ለጎን ይደረደራሉ፣ ቀለም ይቀበላሉ፣ መጋጠሚያቸው ግን እንደታየ ነው። ሥራውን ሳይ እቃው ራሱ እንዲናገር የሚተው ሰው ይታየኛል። እኔም በወረቀት የምፈልገው ይሄንኑ ነው።

ልጆች ላሏችሁ አንድ ነገር ልጨምር። እንቁጣጣሽ ሲመጣ ልጆች አበባ ሥለው ለጎረቤት ያዞሩ የለ? ከካርቶን የአደይ አበባ ቅርጽ ቁረጡላቸው፣ ጠረጴዛው ላይ ለጥፉት፣ ስስ ወረቀት ከላይ አልብሱት። ከዚያ ቢጫ ቀለም በስሱ የያዘ ሮለር ይግፉበት። ካርቶኑ ከፍ ስላለ አበባው ወረቀቱ ላይ ይወጣል። ሥዕል አልችልም የሚል ልጅ ሲያየው ፊቱ እንዴት እንደሚሆን! ሮለሩ ላይ ላስቲክ ወይም ክር ብትጠመጥሙለት ደግሞ መስመር በመስመር ያትማል። ያ ሣሩ ይሆናል።

ስትጨርሱ ጎማው ላይ የቀረውን ቀለም ሶፍት ላይ አትጨርሱት። ባዶ ወረቀት አጠገባችሁ አድርጉና እሱ ላይ አራግፉት። ነገም እዚያው ላይ፣ ከነገ ወዲያም። ያ ወረቀት ቀለም በቀለም ላይ እየደረበ ይሄዳል፤ እኔ ለካርዶቼ መደብ የምቆርጠው ከእሱ ነው። ሆን ብዬ ከምሠራው መደብ ይልቅ እሱ ያምርልኛል። ከዚያ ሮለሩን በለብታ ውሃና በሳሙና እጠቡት፤ አክሪሊክ ደርቆ ከቀረ ጎማው ላይ ሻካራ ሽፋን ይሠራል። ስታስቀምጡትም ጎማው ወደ ላይ ይሁን። በጎማው ላይ ካረፈ ቀስ በቀስ ጠፍጣፋ ቦታ ያወጣል፣ ከዚያ በየዙሩ አንድ ቦታ ቀለም መዝለል ይጀምራል።

ልትገዙ ካሰባችሁ ለስላሳ ጎማ ያለውን፣ ወደ አሥር ሳንቲሜትር ስፋት ያለውን ውሰዱ። ለወረቀት ሥራ የሚሆነው እሱ ነው፤ ጠንካራው ጎማ ለጠፍጣፋ ነገር ይሻላል። የስፖንጁ ርካሽ ነው፣ ግን ቀለም ይጠጣል፣ ዝቅ ያለውም ውስጥ ይገባል፤ እስካሁን ያወራሁላችሁን ነገር አይሠራላችሁም።

የሠራችሁትን ፎቶ ላኩልኝ፣ በተለይ ያቺን የማራገፊያ ወረቀት ማየት እፈልጋለሁ። በሚቀጥለው ስለ ኮላ ዓይነቶች እናወራለን፤ የትኛው ከዓመታት በኋላ ቢጫ እንደሚሆን፣ የትኛው እንደማይሆን። እስከዚያው ቸር ሰንብቱ።