ኦሮቪል፦ በባዶ መሬት የተስማሙ ሰዎች

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ እኔና ማይኩ ብቻ ነን። አንዳንዶቻችሁ "ሕንድ ስለኖርሽበት ጊዜ አንድ ቀን አውሪን" ስትሉኝ ከርማችኋል። ስለ ቼናይ ሙቀትና ስለ ዶርም ሾርባ ላወራ አስቤ ነበር፤ ግን እሱን ማን ይሰማዋል? ይልቅስ በእረፍት ጊዜዬ እየሄድኩ በበጎ ፈቃድ ስለሠራሁባት ቦታ ልንገራችሁ። ስሟ ኦሮቪል ይባላል። በደቡብ ሕንድ ታሚል ናዱ በሚባለው ክልል ውስጥ፣ ከፑዱቼሪ ከተማ ወደ ሰሜን 10 ኪሎ ሜትር ያህል ብትሄዱ ታገኟታላችሁ። ዓመተ ምሕረት ስጠራ በፈረንጆቹ ነው፣ እንዳትደናገሩብኝ።

ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ከሁሉም አገር የመጡ ሰዎች ከሃይማኖት፣ ከፖለቲካና ከዜግነት በላይ ሆነው በሰላም አብረው የሚያድጉባት ከተማ ትሁን ተብላ ነው የተመሠረተችው። የሰው ልጅ አንድነት ማለት ነው። ምን ልበላችሁ፣ እኔ አንድነት ሲሉኝ መጀመሪያ የሚታየኝ ባነር ነው። በሰልፍ፣ በዘፈንና በቴሌቪዥን ስንሰማው ስላደግን ይመስለኛል። ስለዚህ ስሄድ ጥርጣሬዬን ይዤ ነው የሄድኩት።

ይሄን ስናገር "እንደ አውራ አምባ ነው እንዴ?" የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ጥያቄው ጥሩ ነው። ሁለቱም የተጀመሩት በተቀራራቢ ጊዜ ነው፤ ኦሮቪል በ1968፣ አውራ አምባ በ1972። ግን እነ ዙምራ ኑሩ ፎገራ ላይ ሲሰበሰቡ ቢያንስ በአንድ ቋንቋ ይግባቡ ነበር፣ ጤፉንም ክረምቱንም ያውቁታል። ኦሮቪል የተሰበሰበው ፈረንሳዩ፣ ጀርመኑ፣ አሜሪካዊው፣ ከሕንድም ጉጃራቱና ታሚሉ ነው። እንግሊዝኛ፣ ፈረንሳይኛ፣ ታሚልና ሳንስክሪት የሥራ ቋንቋዎቻችን ናቸው ይላሉ። ሳንስክሪት ሲያወራ ያየሁት ሰው ግን የለም።

ከጀርባዋ ሁለት ሰዎች አሉ። አንደኛው ሽሪ ኦሮቢንዶ ነው። ካልካታ ተወልዶ ካምብሪጅ የተማረ፣ በእንግሊዞች ላይ በተነሳው ትግል ታስሮ የተፈታ ሰው ነው። በ1910 ያኔ የፈረንሳይ ግዛት ወደነበረችው ፖንዲቼሪ፣ የዛሬዋ ፑዱቼሪ፣ ገብቶ ወደ ዮጋና ወደ ጽሑፍ ዞረ፤ በ1950 እስኪያርፍም ከዚያ አልወጣም። ሁለተኛዋ ሚራ አልፋሳ ናት፤ ሁሉም ሰው "እናት" ነው የሚላት። በ1878 ፓሪስ የተወለደች፣ አባቷ ከቱርክ እናቷ ከግብፅ የመጡ አይሁዶች ናቸው። የኦሮቪል ሐሳብ የእሷ ነው። ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1968 ምረቃው ሲደረግ 90 ዓመቷ ነበር። ከክፍሏ ሳትወጣ የከተማዋን ቻርተር በፈረንሳይኛ አነበበች፣ ድምፅዋን ሬዲዮ አስተላለፈው። ሜዳው ላይ የተሰበሰበው ሕዝብ 5,000 ይሆናል፤ የ124 አገር ወጣቶች ከየአገራቸው የመጣ ጭብጥ አፈር እየያዙ በሎተስ አበባ ቅርጽ በተሠራ እምነ በረድ ማሰሮ ውስጥ ጨመሩ። የቻርተሩ የመጀመሪያ አንቀጽ ኦሮቪል የማንም የተለየ ሰው አይደለችም፣ የሰው ልጅ ሁሉ ናት ይላል። እቺን ያዙልኝ፣ በኋላ ጉድ ታመጣለች።

የዚያን ቀን ፎቶግራፎች አይታችሁ እንደሆነ፣ አንድ ትልቅ የባኒያን ዛፍ አለ፤ ከእሱ በቀር የምታዩት ቀይ መሬት ነው። አምባው ደኑ ተመንጥሮ፣ ከብትና ፍየል የቀረውን ጨርሶት፣ የዝናም ጎርፍ ገደል ገደል አድርጎት ነበር። ዝናም በጣለ ቁጥር ቀዩ አፈር ታጥቦ ባሕር ይገባል። የመጀመሪያዎቹ ሰዎች የከተማ ካርታ ይዘው መጡ፤ በካርታው መሐል ክብ፣ ከክቡ እንደ ጋላክሲ እየተጠማዘዙ የሚወጡ የሕንፃ መስመሮች አሉ። ሮዤ አንዤ የሚባል ፈረንሳዊ አርክቴክት የነደፈው ነው፣ ለ50,000 ሰው። መጥተው የሠሩት ግን ሌላ ሥራ ነው። በዘንባባ ቅጠል በተከደነች ጎጆ እያደሩ እርከን ሠሩ፣ ጉድጓድ ቆፈሩ፣ ችግኝ በባልዲ አጠጡ። ጥላ ከሌለ ከተማ የለማ!

አገር በቀሉ ዛፍ በቀጥታ ቢተከል አልይዝ ስላላቸው ከአውስትራሊያ የመጣ ግራር ተከሉ፤ ቶሎ ያድጋል፣ አፈሩን ይይዛል፣ ጥላ ይሰጣል። በጥላው ሥር ነው የአገሩን ዛፍ ያሳደጉት። እኛም በምኒልክ ጊዜ አዲስ አበባን ከመሰደድ ያዳናት ከዚያው ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነበር፤ ልዩነቱ እኛ ባሕር ዛፉ ላይ ቀረን። እነሱ ግራሩ ሲያረጅ እየቆረጡ በቦታው የጥንቱን ደን መለሱ። ዛሬ ከሚሊዮን በላይ ዛፍ ተተክሎ፣ ወፉም ተኩላውም ተመልሶ፣ ሰው "እዚህ ጫካ ውስጥ ከተማ ልትሠሩ ነው?" ብሎ ይጠይቃል። በ2011 መጨረሻ ታኔ የሚባለው አውሎ ነፋስ ብዙውን ሲጥለው እንደገና ተከሉ።

እኔ የሠራሁት ጫካው ዳር ነው፣ ከዝናሙ በፊት እርከን ስንጠግን። አንድ ጠዋት አንድ ጀርመናዊ፣ ከከተማዋ ነባሮች አንዱ፣ እርከኑ የሚያልፍበትን መስመር በገመድ ለክቶ አስቀምጧል። አብራን የምትሠራ የአጎራባች መንደር ሴትዮ ነበረች፣ ስልሳ ዓመት ያለፋት፤ በአካባቢው ልማድ ሁላችንም "አማ" ነው የምንላት። ገመዱን አየችና ራሷን ነቀነቀች። እሱ በተሰባበረ ታሚል ያስረዳል፣ እሷ በታሚል ትመልሳለች፣ ድምፅ ከፍ ከፍ አለ። በመጨረሻ የምትጠጣበትን ፕላስቲክ ጠርሙስ ከፈተችና ውሃውን መሬቱ ላይ አፈሰሰችው። ውሃው ገመዱን ትቶ ወደ ግራ ታጥፎ፣ ሥር ለሥር ሄዶ ጠፋ። ሰውዬው ጎንበስ ብሎ አየ። ካስማውን ነቅሎ ሁለት ክንድ ያህል ወደ ግራ ተከለው። ማንም ምንም አላለም፣ ሥራ ቀጠልን። እሷ ግን ጥማቷን ይዛ እስከ ምሳ ዋለች፤ ውሃዬን አካፍያት እንደሆነ አሁን ትዝ አይለኝም።

እንግዲህ የዛሬው ነገሬ ይሄው ነው። እነዚያን ሰዎች ያስማማቸው ቻርተሩ ወይ ተመስጦው ነው ብዬ አላምንም። ያስማማቸው የተራቆተው መሬት ነው። ጎርፍ ሲመጣ ፈረንሳዩም ታሚሉም የሚከራከረው ከጎርፉ ጋር ነው። መሬቱ ምንም ዋጋ በማያወጣበት ጊዜ ተስማሙ፣ ዋጋ ሲያወጣ ተጣሉ።

ከዚያ በፊት ግን ስለ ማትሪማንዲር ሳልነግራችሁ ባልፍ ትቀየሙኛላችሁ፤ ፎቶዋን ያያችሁት እሷን ነው። ከከተማዋ መሐል ያለችው፣ ትልቅ የወርቅ ኳስ የምትመስለው የተመስጦ ቤት። በ1971 ተጀምራ በ2008 ነው ያለቀችው። ለመግባት ቀድማችሁ ትመዘገባላችሁ፣ ጫማ አውልቃችሁ ነጭ ካልሲ ይሰጣችኋል፣ በጠመዝማዛ መንገድ ወደ ላይ ትወጣላችሁ። ላይ ያለው አዳራሽ ሁለመናው ነጭ እምነ በረድ ነው፤ መሐሉ ላይ 70 ሴንቲ ሜትር የሚሆን የመስተዋት ኳስ አለ፣ ከጣሪያው የሚወርድ አንድ የፀሐይ ጨረር ያርፍበታል። በቃ። ሥዕል የለ፣ ጸሎት የለ፣ ዕጣን የለ፣ አበባ እንኳ አይገባም። ሳል የያዘው ቀስ ብሎ ይወጣል። እኔ ደግሞ ደጀ ሰላም ተሳልሜ፣ ከበሮና ጽናጽል እየሰማሁ ያደግሁ ሰው ነኝ። እጄን የማደርግበት ጠፋኝ! ቦታው ያምራል፣ ዝምታውም እውነተኛ ዝምታ ነው፤ ግን ለኔ አልሆነም። ሃይማኖት አይደለንም ሲሉ ግን ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ ጉዳዩ የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1982 እውነትም ሃይማኖት አይደለም ተብሎ ተወስኗል።

ፍርድ ቤት እንዴት ደረሱ? እናት በ1973 አረፈች። የከተማዋን ገንዘብና መሬት በስሙ ይዞ የነበረው ማኅበር "ባለቤቱ እኔ ነኝ" አለ፣ ነዋሪዎቹ "የማንም አይደለችም ተብሎ የለም ወይ?" አሉ። ጠቡ ከረረ። መንግሥት በ1980 በአስቸኳይ ሕግ ገባ፤ የማኅበሩ ወገኖች "የሃይማኖት ጉዳይ ነውና መንግሥት አይግባበት" ብለው ከሰሱ፣ ግን ተረቱ። በ1988 ደግሞ የኦሮቪል ፋውንዴሽን በአዋጅ ተቋቋመ፤ የበላይ ቦርድ፣ ዓለም አቀፍ አማካሪ ጉባኤና የነዋሪዎች ጉባኤ ያለው። እስካሁንም መሬቱና ቤቱ ሁሉ የፋውንዴሽኑ ነው። በገዛ ገንዘብህ የሠራኸውን ቤት መሸጥም ለልጅህ ማውረስም አትችልም። የማንም ያልሆነችው ከተማ በሕንድ መንግሥት ሥር ገባች ማለት ነው። እኔ ይሄን በክፉ አላየውም፤ ያ አዋጅ ባይኖር ኖሮ ዛሬ ቦታው ሪዞርት ሆኖ ነበር የምናገኘው።

የዕለት ኑሮውን ደግሞ ሶላር ኪችን የሚሉት የጋራ ምግብ ቤት ነው የሚያሳያችሁ። ጣሪያው ላይ 15 ሜትር ስፋት ያለው ጎድጓዳ መስተዋት አለ፣ የፀሐዩን ሙቀት ሰብስቦ እንፋሎት ያወጣል፣ በእሱ ይበሰላል። ደመና ሲሆን በነዳጅ ይታገዛል። ሩዝ፣ ምስር፣ አትክልት፣ የብረት ሳህን። በከተማዋ ውስጥ ጥሬ ገንዘብ እንዳይዘዋወር ተፈልጎ ነበርና የምትከፍሉት በሒሳብ ቁጥር ነው። ገንዘቡ ከእጅ ጠፋ እንጂ ከአእምሮ አልጠፋም፤ ለከተማዋ የሚሠራ ሰው በወር የምትሰጠው መተዳደሪያ ትንሽ ናት፣ ከአውሮፓ ጡረታ ያለው ጎረቤቱ ግን ሌላ ኑሮ ይኖራል። ሁሉም ያውቀዋል።

ከሁሉ ያልተዋጠልኝ ሌላ ነው። ጠዋት ጠዋት ከኩይላፓላያምና ከሌሎቹ መንደሮች በሺዎች የሚቆጠር ሰው በብስክሌትና በሞተር ይመጣል፤ አትክልተኛው፣ ግንበኛው፣ ወጥ ቤቷ፣ ቤት የምታጸዳው። ማታ ይመለሳል። ነዋሪዎቹ 3,300 ገደማ ናቸው፣ ከ60 የሚጠጋ አገር፤ ግማሽ ያህሉ ሕንዶች ናቸው። የ60 አገር ሰው ስለ አንድነት ሲሰበሰብ ሻዩን የምታፈላው የመንደሯ ሴት ናት። ዐረብ አገር የሰው ቤት የሠራችሁ እህቶቼ ይሄ ይገባችኋል። ፍርደ ገምድል ላለመሆን ግን የቀረውንም ልበል፦ በየመንደሩ ትምህርት ቤት አቋቁመዋል፣ ጤና ጣቢያ አላቸው፣ ከነዚያው መንደሮች ተነሥተው ሙሉ ነዋሪ የሆኑ ታሚሎችም ብዙ ናቸው። የ2004ቱ ሱናሚ የዓሣ አጥማጆቹን ሠፈር በመታ ጊዜ፣ ሴቶቹን ሰብስበው ከጨርቅ ቁርጥራጭ ትንንሽ አሻንጉሊት መሥራት አስተማሯቸው፤ ሱናሚካ ይሏታል። አትሸጥም፣ በስጦታ ነው የምትሰጠው፤ እኔም አንዷን ይዣለሁ።

አሁን ወደ ጠቡ። ደኑ ሲያድግ፣ መንገድ ሲገባ፣ ቱሪስት ሲጎርፍ የመሬት ዋጋ ጣሪያ ነካ። በካርታው ክልል ውስጥ እስካሁን ያልተገዛ የግል መሬት ስላለ ከተማዋ ራሷ መግዛት አቃታት። በ2021 የመጣው አዲስ አስተዳደር ደግሞ "50,000 ሰው የተባለው የት አለ? ካርታው ይሠራ" አለ። ዘውድ የሚባለው ክብ መንገድ በካርታው መሠረት ፍጹም ክብ ሆኖ እንዲወጣ፣ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ቡልዶዘር ገባ። ዛፍ ወደቀ፣ የወጣቶች ማዕከሉ ፈረሰ፣ ነዋሪዎች ከማሽኑ ፊት ቆሙ። በ2022 የአካባቢ ጥበቃ ፍርድ ቤቱ ሥራው ይቁም አለ፤ በ2025 ማርች ላይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ያንን ውሳኔ ሻረው።

የሚገርመው፣ ሁለቱም ወገን የሚጠቅሰው እናትን ነው። አንዱ "ከተማ እንድትሠሩ ነው ያዘዘችው" ይላል፣ ሌላው "ዛፍ በከንቱ አይቆረጥም ብላለች" ይላል። ልቤ ከዛፍ ተካዮቹ ጋር ነው፣ አልደብቅም፤ እርከን የሠራሁት ከእነሱ ጋር ነው። ቢሆንም የካርታ ሰዎቹ ጥያቄ ቀላል አይደለም። ለሰው ልጅ ሁሉ የተባለ መሬት ላይ ሦስት ሺህ ሰው በደን ጥላ ሥር ተንጣልሎ ሲኖር፣ በሩ ላይ የቆመው ሌላው የሰው ልጅ ምን ይበል? ይሄ መልስ ያጡለት ጥያቄ ነው። ጠቡን ያከፋው ግን የኃይል ሚዛኑ ነው። የውጭ ዜጋ የሆነ ነዋሪ ቪዛው የሚታደሰው ፋውንዴሽኑ ሲደግፍለት ነው። ሠላሳ ዓመት ዛፍ የተከለ ሰው አስተዳደሩን ሲቃወም በፓስፖርቱ እየፈራ ነው የሚቃወመው። እንዲህ ባለ ስብሰባ ላይ የሚደረስ ስምምነት ምን ዓይነት ስምምነት እንደሚሆን እኛ አገር መሥሪያ ቤት የሠራ ሁሉ ያውቀዋል።

"እዚያ ትኖሪያለሽ ወይ?" ብትሉኝ፣ አልኖርም። ሃይማኖቴ አለ፣ ቤተሰቤ አለ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ስብሰባቸውን አልችለውም። ሁሉም ሳይስማማ አይወሰንም፣ ሁሉም ደግሞ ተናግሮ አይጠግብም።

ለጉብኝት የምትሄዱ ካላችሁ፦ ከቼናይ የባሕሩን ዳር ይዞ በሚወርደው መንገድ በአውቶቡስ ሂዱ፣ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሙቀቱ ሳይበረታ፣ ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ ጥሩ ነው። ማትሪማንዲርን አስቀድማችሁ ተመዝገቡ፣ በር ላይ ደርሶ መግባት የለም። ከዚያ ብስክሌት ተከራዩና የወርቁን ኳስ ትታችሁ ወደ ደኑና ወደ መንደሮቹ ሂዱ። የመንገድ ዳር ሻይ ቤቶቹ ጋ ቁጭ ብላችሁ ስለ ኦሮቪል ጠይቁ፤ ከመረጃ ማዕከሉ የማታገኙትን ይነግሯችኋል። በሉ፣ ደኅና ሁኑልኝ፤ በሚቀጥለው እንግዳ ይዤ እመጣለሁ።