ግልባጭ

ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬ ብቻዬን ነኝ። ድምፁ ካስቸገራችሁ ይቅርታ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ነው።

ሰሞኑን አንድ ቃል ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏል፤ "ግልባጭ"። የመንግሥት ደብዳቤ አይታችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ። ከላይ "ለ" ይላል፤ ጉዳዩን የሚፈጽመው እሱ ነው። ከፊርማውና ከማህተሙ በታች ደግሞ "ግልባጭ" ተብሎ የመሥሪያ ቤቶች ስም ይደረደራል። ግልባጭ የሚደርሰው ሰው ይወቀው ተብሎ ነው፤ ይወስን ተብሎ አይደለም።

እኔ አራት ዓመት በአንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት የሴቶች ጉዳይ ባለሙያ ነበርኩ። የቱ እንደሆነ ይቅር። በዚያ ሁሉ ጊዜ የክፍላችን ስም "ለ" ላይ የተጻፈበትን አንድ ቀን አስታውሳለሁ። የማርች 8 ቲሸርት መጥቷልና ተረከቡ ተብለን ነው።

ነገሩ ከእኛ ክፍል ብቻ የመጣ አይደለም። ከላይ ጀምሮ እንደዚያ ነው። በሽግግሩ ዘመን የሴቶች ጉዳይ በጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ሥር ያለ ቢሮ ነበር። የሴቶች ፖሊሲው በ1986 የወጣውም ያኔ ነው። ለሥልጣን ቅርብ ነበር፣ ግን በካቢኔ ውስጥ የራሱ ወንበር አልነበረውም። በ1998 ሚኒስቴር ሆነ። ወንበር አገኘ። ከዚያ በኋላ ስሙን ተከታተሉልኝ። በ2003 ሕፃናትና ወጣቶች ተጨመሩለት። በ2008 ወጣቶች ወጥተው ወደ ስፖርት ሄዱ። በ2011 ተመለሱ። በ2014 ደግሞ የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር ተባለ፤ አረጋውያንም አካል ጉዳተኞችም እዚያው ናቸው። በ16 ዓመት አምስት ስም! የገንዘብ ሚኒስቴርን እንዲህ የሚያንከራትተው ሰው ይኖራል?

እኔ ግን ከስሙ ይልቅ የሚገርመኝ የሥራው ግስ ነው። የሌሎቹን ሥልጣን ስታነቡ ይሰበስባል፣ ይፈቅዳል፣ ያግዳል፣ ይቆጣጠራል ነው። የሴቶች ጉዳይ ጋ ስትደርሱ ያስተባብራል፣ ያበረታታል፣ ግንዛቤ ያስጨብጣል፣ ክትትልና ድጋፍ ያደርጋል። "ክትትልና ድጋፍ" የምትለዋን ሐረግ ስንት ሪፖርት ላይ እንደጻፍኳት አምላክ ነው የሚያውቀው። አንድን መሥሪያ ቤት "ይህ ዕቅድ ሴቶችን ረስቷልና መልሱት" ብሎ ማቆም ግን ከግሶቹ ውስጥ የለም።

በየመሥሪያ ቤቱ ያለነው የሴቶች ጉዳይ ሰዎችስ? ብዙ ሰው የሚኒስቴሩ እጆች ነን ብሎ ያስባል። አይደለንም። ደመወዛችንን የሚከፍለን፣ የሥራ አፈጻጸማችንን የሚሞላልን ያው የምንከታተለው መሥሪያ ቤት ነው። አለቃህን ገምግም ተብለህ፣ ቅጹን ግን አለቃህ ይፈርምልህ እንደ ማለት ነው። በ2008 የፋይናንስ አስተዳደር አዋጁ ተሻሽሎ በጀት ሲዘጋጅ የሥርዓተ ጾታ ጉዳይ ይታይ ሲል በጣም ደስ ብሎን ነበር። በእኛ ቤት የሆነው፣ የዕቅድ ቅጹ ላይ አንድ ዓምድ ተጨመረ። ሁሉም ክፍል "ታሳቢ ተደርጓል" ብሎ ሞላው። ከላይ እስከ ታች፣ ኮፒ ፔስት።

ጥቅምት 2011 ላይ ከሃያ ሚኒስትሮች አሥሩ ሴቶች ሲሆኑ ቢሮ ውስጥ እልል ያልነው ትዝ ይለኛል። ያን ቀን ግን አንድ ነገር ልብ አልኩ። ወይዘሮ ሙፈሪያት ካሚል ቀደም ሲል የሴቶች ጉዳይ ሚኒስትር ነበሩ። ያኔ የሰላም ሚኒስትር ሆኑ፤ ፌዴራል ፖሊስና ደህንነት ከሥራቸው ሆነ። ሰውየዋ ያቺው ናት። ወንበሩ ነው የተለየው።

የሴቶች ሚኒስትር የነበሩት የወይዘሮ ፊልሳን አብዱላሂም ነገር አለ። በየካቲት 2013፣ በትግራይ ጦርነት ጊዜ፣ መቀሌ ውስጥ ሴቶች መደፈራቸው ያለ ጥርጥር መረጋገጡን በአደባባይ ተናገሩ። መስከረም 2014 ላይ ሥልጣናቸውን ለቀቁ። በኋላ ለዋሽንግተን ፖስት ሲናገሩ፣ መሥሪያ ቤታቸው ስለ ጥቃቱ ባዘጋጀው ሪፖርት ላይ ከበላይ ጫና ተደርጎብኛል ብለዋል። ይህን ሳነብ ብዙ አሰብኩ። ሚኒስትር ሆኖም ግልባጭ አለ ማለት ነው።

ወደ እኛ ቤት ልመልሳችሁ። በ2010 የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲኖራቸው አዝዞ ነበር። እኛም አንድ ክፍል ተሰጠን። በሦስተኛው ሳምንት ንብረት ክፍል "ለጊዜው" ብሎ ቶነር አስቀመጠበት። ለጊዜው! ደብዳቤ ጻፍኩ። ሌላ ጻፍኩ። "ለመረጃነት ይያዝ" ተብሎ ተመራ። ያኔ ከወሊድ የተመለሰች አንዲት ባልደረባችን መዝገብ ቤት ውስጥ፣ በፋይሎቹ መሃል፣ በሩን በወንበር ደግፋ ጡቷን ታልብ ነበር። ከአንኳኳችሁ "አንዴ ቆዩኝ" የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ።

የኔ ደብዳቤዎች ያልፈቱትን የፈታችው የግዢ ክፍሏ ሴትዮ ናት። ጾታ ምናምን የሚባል ነገር አትወድም፤ ስልጠና ስንጠራት እንኳ አትመጣም። የዓመቱ መጨረሻ ደርሶ፣ በጀቱ ሊመለስ ሲል፣ ለኃላፊዎች የሚሽከረከር ወንበር ይገዛ ተብሎ ወረቀቱ ጠረጴዛዋ ላይ መጣ። ያለ እሷ ፊርማ አይወጣም። "የልጆቹ ፍራሽና አልጋ የት አለ?" አለች። የለም። "እንግዲያው ይቆይ" ብላ መሳቢያዋ ውስጥ ከተተችው። አራት ቀን። በአምስተኛው ቀን ዝርዝሩ ተስተካክሎ መጣ፤ ፍራሽ ስድስት፣ አልጋ ስድስት።

ከሥራው ከለቀቅኩ በኋላ አንድ ቀን ለጉዳይ ሄጄ ብቅ ብዬ ነበር። ማቆያው ክፍት ነው። ሁለት ካርቶን ቶነር አሁንም ጥግ ላይ አለ። አንዱ ሕፃን ካርቶኑ ላይ ወጥቶ በመስኮት የመኪና ማቆሚያውን ያያል።