ረጅሙ ስፒከር ምን ሰጠ፣ ምን ነሳ?

[ምስል፦ አንድ ረጅም ስፒከር። እጅ ጎኑን ያንኳኳል።]

ይህን ድምፅ ሰማችሁት? ሳጥን ነው። ወለል ላይ የሚቆም ስፒከር ስትገዙ ከምትከፍሉት ገንዘብ ቀላል የማይባለው የሚሄደው ወደ እንጨቱና እንጨቱ ወዳቀፈው አየር ነው። መደርደሪያ ላይ የሚቀመጠው ታናሽ ወንድሙ ብዙ ጊዜ ያንኑ ቱዊተር (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣውን)፣ ያንኑ ዉፈር (ወፍራሙን የሚያወጣውን) ይዞ ይመጣል። ታዲያ ዋጋቸው የማያስደነግጥ ረጃጅም ስፒከሮችን ስናወዳድር ዛሬ የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ አምራቹ በዚያ ሁሉ አየር ምን ገዛበት?

[ምስል፦ ሦስት ማዕዘን። በየጫፉ “ጥልቅ ቤዝ”፣ “ትንሽ ሳጥን”፣ “በጥቂት ዋት ብዙ ድምፅ”።]

እ.ኤ.አ. በ1957 በአሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ ኬኤልኤች የሚባል የስፒከር ኩባንያ ተቋቋመ። ስሙ የሦስቱ መሥራቾች የመጀመሪያ ፊደላት ነው፤ ክሎስ፣ ሎው፣ ሆፍማን። ሦስተኛው ሰው፣ አንቶን ሆፍማን፣ የዝነኛው ፒያኒስት የጆሴፍ ሆፍማን ልጅ ነበር። አባት በፒያኖ ዓለምን አዳረሰ፤ ልጅ ደግሞ ያ ፒያኖ ለምን በትንሽ ሳጥን አልገባም እንደሚል ነገረን። የሆፍማን የብረት ሕግ ይሉታል። ጥልቅ ቤዝ፣ ትንሽ ሳጥን፣ በጥቂት ዋት ብዙ ድምፅ፤ ሦስቱንም መፈለግ ይቻላል፣ የሚገኙት ግን ሁለቱ ናቸው። በኋላ አውስትራሊያዊው ኔቪል ቲል እ.ኤ.አ. በ1961፣ ሪቻርድ ስሞል ደግሞ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነገሩን በቀመር አሰሩት። ዛሬም የስፒከር ሳጥን የሚነድፍ ሰው የሚሠራው በእነሱ ስሌት ነው።

እንግዲህ በዚህ ሕግ መነጽር ጥቂቶቹን እንያቸው።

[ምስል፦ ሁለት ስፒከሮች ጎን ለጎን፤ አንዱ አጭር፣ አንዱ ረጅም።]

በግራ ያለው የዴንማርኩ ዳሊ ኦቤሮን 5 ነው። ቁመቱ 83 ሴንቲሜትር ብቻ ነው። 13 ሴንቲሜትር ገደማ የሆኑ ሁለት ዉፈሮች አሉት። በቀኝ ያለው የእንግሊዙ ኪው አኩስቲክስ 3050አይ፣ ከአንድ ሜትር ያልፋል፤ ሁለቱ ዉፈሮቹ 16.5 ሴንቲሜትር ናቸው። አሁን ቁጥራቸውን ተመልከቱ። ትንሹ እስከ 39 ሄርዝ እወርዳለሁ ይላል፤ ትልቁ እስከ 44። ሄርዝ በሴኮንድ የሚቆጠር ንዝረት ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ድምፁ ይወፍራል። የተገላቢጦሽ አይመስልም?

ሁለት ነገር አለ። አንደኛው፣ ሁለቱ ቁጥሮች በአንድ ሚዛን አልተመዘኑም። የዳሊ ቁጥር የሚያመለክተው ድምፁ ከ3 ዲሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) በላይ ሳይቀንስ የሚደርስበትን ቦታ ነው፤ የኪው አኩስቲክስ ግን 6 ዲሲቤል እስኪቀንስ ይታገሣል። ወረቀት ላይ ሁለት ቁጥር አይታችሁ ከማወዳደራችሁ በፊት አጠገቡ ያለውን የዲሲቤል ልዩነት ፈልጉ። ጨርሶ ካልተጻፈ ያ ቤዝ “ላም አለኝ በሰማይ” ነው።

ሁለተኛው ዋናው ነው። ኪው አኩስቲክስ በትልቁ ሳጥን የገዛው ጩኸት ነው፤ ሴንሲቲቪቲው፣ ማለትም በተወሰነ ቮልቴጅ አንድ ሜትር ላይ የሚሰማው የድምፅ መጠን፣ 91 ዲሲቤል ነው። የዳሊ 88። ዳሊ ጥልቀቱንና ትንሹን ሳጥን መርጦ ጩኸቱን ከፈለ፤ የሆፍማን ሕግ ቃል በቃል ማለት ይቻላል።

አንድ ነገር ግን ቁጥሩ ላይ አይታይም። ድምፁ በአንድ ኦክታቭ ሲወርድ፣ ማለትም ሄርዙ በግማሽ ሲቀንስ፣ ያንኑ ያህል ለመሰማት ዉፈሩ አራት እጥፍ ወደፊትና ወደኋላ መሄድ አለበት። ስለዚህ ትንሽ ዉፈር ጥልቅ መውረድ ይችላል፣ ጮክ ብሎ መጫወትም ይችላል፣ ሁለቱን ባንድ ጊዜ ሲጠየቅ ግን ቀድሞ ይደክማል። በመካከለኛ ክፍል፣ በመጠነኛ ድምፅ ለሚያዳምጥ እኔ ዳሊን እመርጣለሁ። ሰፊ ሳሎን ውስጥ ድምፅ ከፍ አድርጎ ለሚወድ ሌላኛውን።

[ምስል፦ የኢላክ ዴቢዩ 2.0 ኤፍ5.2 ፊት። ሁለቱ ዉፈሮች ተራ በተራ ይደምቃሉ፣ ከዚያ መሃለኛው።]

የጀርመኑ ኢላክ እ.ኤ.አ. በ1926 በኪል ከተማ ሲቋቋም ሥራው የባሕር ውስጥ ድምፅ ነበር። ይህ ኤፍ5.2 የሚባለው ባለሦስት ክፍል ነው፤ ዉፈሮቹ ቤዙን ሲሸከሙ መሃለኛው ድምፅ ለብቻው የተመደበ ኮን (የሚርገበገበው ሾጣጣ) አለው። ትርጉሙ ይህ ነው፤ ከበሮው ሲመታ የዘፋኙን ድምፅ የያዘው ኮን አብሮ አይናወጥም። በዚህ ዋጋ ደረጃ ይህን ማግኘት ደስ ይላል። ክፍያውስ? ሴንሲቲቪቲው 86 ዲሲቤል ነው። ከ91ዱ የ5 ዲሲቤል ልዩነት ትንሽ ይመስላል፤ ወደ ዋት ሲመነዘር ግን ከሦስት እጥፍ ይበልጣል። ለ3050አይ 20 ዋት ከበቃ፣ ኤፍ5.2 ያንኑ ያህል ለመጮህ ወደ 63 ዋት ይፈልጋል። አምፕሊፋየራችሁ ደካማ ከሆነ ስፒከሩ ርካሽ ሆኖ አያበቃም ማለት ነው።

ክሊፕሽ በተቃራኒው ጫፍ ነው። ከ1946 ጀምሮ የኩባንያው ሃይማኖት ቀንድ ነው፤ ቱዊተሩ ፊት ላይ ያለው ጥሩንባ መሰል አፍ ድምፁን ሰብስቦ ወደ እናንተ ይገፋዋል። አርፒ-5000ኤፍ የሚባለው 96 ዲሲቤል ተብሎ ተጽፎበታል። ይህን ቁጥር ከሌሎቹ አጠገብ አታስቀምጡት፤ የክሊፕሽ ስፒከሮች በገለልተኛ ሰዎች ሲለኩ ብዙ ጊዜ ጥቂት የማይባል ዲሲቤል ወርደው ይገኛሉ። ቢሆንም በትንሽ ዋት የሚጮሁ ናቸው፣ ያ እውነት ነው። ቀጭኑ ድምፅ ፊት ለፊት ይመጣል፤ አንዳንዱ ሰው ሕይወት አለው ይላል፣ እኔ ከአንድ ሰዓት በኋላ ጆሮዬ ዕረፍት ይለምናል።

በነገራችን ላይ ክብ ቆጥራችሁ አትግዙ። የኬፍ ኪው550 ፊት ላይ አራት ክቦች ይታያሉ፤ ሁለቱ ሽቦ እንኳን የላቸውም። በሳጥኑ ውስጥ ባለው የአየር ግፊት ብቻ የሚርገበገቡ ናቸው፤ ሌላው ስፒከር በቀዳዳ የሚሠራውን እነሱ ይሠራሉ። ጉድለት አይደለም፣ ግን አራት ዉፈር ገዛሁ አትበሉ።

ሌላም የረጃጅሞቹ የጋራ ሕመም አለ። አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ባዶ ሳጥን ራሱ እንደ ዋሽንት ነው፤ 170 ሄርዝ ገደማ ላይ የራሱን ድምፅ ያሰማል። ያ ደግሞ የወንድ ድምፅ የሚኖርበት ሰፈር ነው። ጥሩ አምራች ውስጡን በማገርና በጥጥ መሰል ነገር ይሞላዋል፤ 3050አይ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ቱቦ ውስጡ አለ። ስታዳምጡ ሰው የሚናገርበትን ቀረጻ አስገቡ፤ ተናጋሪው ከበርሜል ውስጥ የሚያወራ ከመሰላችሁ ሳጥኑ ነው።

[ምስል፦ የክፍል ፕላን ከላይ ሲታይ። የ43 ሄርዝ ሞገድ በሁለት ግድግዳ መካከል ይሳላል።]

አሁን ወደ ክፍላችሁ እንግባ፤ ብዙ ገንዘብ የሚጠፋው እዚህ ነው። ድምፅ በሴኮንድ 343 ሜትር ገደማ ይጓዛል። በ4 ሜትር ርቀት በተቀመጡ ሁለት ግድግዳዎች መካከል 43 ሄርዝ ላይ ያለ ሞገድ ልክ ግማሹ ይገጥማል። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር ሳይያዝ ሲመታ 41 ሄርዝ ነው። ጎረቤታሞች ናቸው። ግድግዳ ተደግፋችሁ ከተቀመጣችሁ ያ ኖታ ያጓራል፤ ክፍሉ መሃል ከተቀመጣችሁ ይጠፋል። ስፒከሩ አንድ ነው፣ ያልተለወጠ።

የመጀመሪያ ረጅም ስፒከሬን ያስገባሁት እንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ ነበር። ስፒከሩን ሰድቤ ሸጥኩት። ወንበሬን 60 ሴንቲሜትር ባንቀሳቅስ ኖሮ አልሸጠውም ነበር።

ከስፒከሩ ኋላ ያለው ግድግዳም ድርሻ አለው። ዉፈሩ ከግድግዳው አንድ ሜትር ሲርቅ ተንጸባርቆ የሚመለሰው ድምፅ 86 ሄርዝ ላይ ዋናውን ይሽረዋል፤ ግማሽ ሜትር ሲሆን ጉድጓዱ ወደ 171 ይወጣል። ሙሉ በሙሉ የሚድን ሕመም አይደለም፣ ቦታውን መምረጥ ግን ይቻላል።

እዚህ ላይ ነው ከረጅሙ ስፒከር ጋር የማልስማማው። ቤዝ ጥሩ የሚሰማበት ቦታና የስቲሪዮው ምስል (ዘፋኙና መሣሪያዎቹ በየቦታቸው የቆሙ የሚመስልበት ስሜት) ጥሩ የሚሆንበት ቦታ ብዙ ጊዜ አይገናኙም። ረጅሙ ሁለቱን በአንድ ሳጥን አስሮ ያስቀምጣቸዋል። ትንንሽ ስፒከሮች ከሰብዉፈር (ቤዝ ብቻ ከሚያወጣ ሳጥን) ጋር ስታደርጉ ግን ሰብዉፈሩን ቤዙ ወደሚስተካከልበት ጥግ ትወስዱታላችሁ። ለጠባብ ክፍል ይህን እመክራለሁ። በሌላ በኩል ትንሹም ማቆሚያ ይፈልጋል፤ ማቆሚያው ገንዘብ ነው፣ ወለሉ ላይ የሚይዘው ቦታም ከረጅሙ አያንስም። ልጅ ወይም ድመት ካለ ደግሞ ማቆሚያ ላይ ያለ ስፒከር ቀኑን ይጠብቃል።

[ምስል፦ መጋረጃ፤ ከኋላው ሁለት ስፒከሮች።]

ለማዳመጥ ስትሄዱ ድምፃቸውን እኩል አድርጉ። አንድ ዲሲቤል ብቻ የሚበልጠው ስፒከር ጮኸ ተብሎ አይታወቅም፤ የተሻለ ተብሎ ነው የሚታወቀው። ባለ91 እና ባለ86 ዲሲቤሉ ስፒከሮች የድምፅ ቁልፉ ሳይነካ ከተጫወቱ ውድድሩ ሳይጀመር አልቋል። በስልክ መለኪያ አስተካክሉት። ቢቻል ዓይናችሁን ጨፍኑ፤ የድምፅ ተመራማሪዎቹ ፍሎይድ ቱልና ሾን ኦሊቭ እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተሙት ሙከራ ያንኑ ስፒከሮች እያዩና ሳያዩ የዳኙ ሰዎች የተለያየ ነጥብ ሰጥተዋል። እነዚያ ሰዎች ደግሞ የስፒከር ኩባንያ ሠራተኞች ነበሩ።

ቤት ከገባ በኋላ ቤዙ ካጓራ፣ ለመመለስ ከመሮጣችሁ በፊት ካርቶኑን ፈትሹ። አንዳንድ አምራቾች የስፖንጅ ውታፍ አብረው ይልካሉ፤ የኋላውን ቀዳዳ በአንዱ ስፒከር ብቻ ወትፉና አዳምጡ፣ ከዚያ በሁለቱም። ውታፉ ከጠፋ የተጠቀለለ ካልሲ ይሠራል።