ሰንጠረዡ ከደንቡ ሲወጣ

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ የመጣችሁ እንግዶች፤ እንደምን አረፈዳችሁ።

ዛሬ የምናገርለት ወረቀት፣ የንጥረ ነገሮች ፔሪዮዲክ ሰንጠረዥ፣ በየኬሚስትሪ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይውላል፤ ከፈተና ሰሞን በቀር ግን ቀና ብሎ የሚያየው የለም። ተማሪው የመጀመሪያዎቹን ሃያ ንጥረ ነገሮች ይሸመድዳል። “ከግራ ወደ ቀኝ የአቶም መጠን ይቀንሳል፣ ከላይ ወደ ታች ይጨምራል” ብሎ ይጽፋል፣ ነጥቡን ያገኛል፣ ከዚያም ይረሳዋል። ይህ ደንብ እውነት ነው፤ ጥል የለኝም። ክርክሬ ሌላ ነው፤ ስለ አቶም ይበልጥ የምንማረው ደንቡ በሚያነክስባቸው ሳጥኖች ውስጥ ነው፤ በትምህርታችን በብዛት የምንዘልለው ደግሞ እነዚያኑ ሳጥኖች ነው።

ታሪኩን አሳጥሬ ልለፈው። በ1869 ሩሲያዊው ዲሚትሪ ሜንዴሌቭ እስከዚያ ጊዜ የታወቁትን 63 ንጥረ ነገሮች በአቶማዊ ክብደታቸው ሲደረድር ጠባያቸው እየተመላለሰ እንደሚደጋገም አየ። ይህን ያስተዋለ እሱ ብቻ አልነበረም፤ ጀርመናዊው ሎታር ማየርም ተመሳሳይ ነገር ደርሶበታል። ሜንዴሌቭን የሚለየው ባዶ ቦታ ለመተው መድፈሩ ነው። ከአሉሚኒየም ሥር ያለውን ሳጥን ክፍት ትቶ፣ ወደፊት እዚያ የሚገባው ብረት አቶማዊ ክብደቱ 68 ገደማ፣ እፍግታው ከውሃ 5.9 እጥፍ እንደሚሆንና በቀላሉ እንደሚቀልጥ ተነበየ። በ1875 ፈረንሳዊው ሌኮክ ደ ቧቦድራን ጋሊየምን አገኘ፤ እፍግታውን ሲለካ ግን 4.7 ሆነበት። ሜንዴሌቭ ብረቱን በዓይኑ እንኳ ሳያየው “ናሙናው በደንብ ይጣራና እንደገና ይለካ” አለ። ተጣርቶ ሲለካ 5.9 ሆነ። ጋሊየም የሚቀልጠው 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይሞላ ነው፤ መዳፋችሁ ላይ ብታስቀምጡት ወደ ፈሳሽነት ይለወጣል።

ይህ ታሪክ በየመጽሐፉ ስለሚነገር ታውቁት ይሆናል። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ የቴሉሪየምና የአዮዲን ጉዳይ ነው። የቴሉሪየም አቶማዊ ክብደት 127.6፣ የአዮዲን 126.9 ነው። በክብደት ከሄድን አዮዲን መቅደም ነበረበት። ነገር ግን አዮዲን ጠባዩ ሁሉ የክሎሪንና የብሮሚን ወገን ነው። ሜንዴሌቭ ቅደም ተከተሉን ገልብጦ አዮዲንን ከዘመዶቹ ሥር አስቀመጠውና፣ የቴሉሪየም ክብደት የተለካው በስህተት ነው ብሎ ደመደመ። ቦታውን በትክክል መታ፤ ምክንያቱን ሳተ። ክብደቱ የተለካው በደንብ ነበር። እውነተኛው ምክንያት የታወቀው በ1913 እንግሊዛዊው ሄንሪ ሞዝሊ በኤክስሬይ ጨረር የየንጥረ ነገሩን የኑክሊየስ ሙል፣ ማለትም የፕሮቶኑን ብዛት፣ መለየት ሲጀምር ነው። ሰንጠረዡ የሚደረደረው በፕሮቶን ብዛት ነው፤ ቴሉሪየም 52፣ አዮዲን 53። ሞዝሊ ከሁለት ዓመት በኋላ በጋሊፖሊ ጦር ግንባር ሞተ፤ ዕድሜው 27 ነበር።

አሁን ወደ አሠራሩ እንግባ። በሰንጠረዡ ላይ የምናያቸው ለውጦች በአብዛኛው ከሁለት ነገሮች ትግል የሚመነጩ ናቸው። አንደኛው የኑክሊየስ ስበት ነው፤ ፕሮቶን በበዛ ቁጥር ኤሌክትሮኖችን የመሳብ ኃይሉ ይጨምራል። ሁለተኛው የውስጥ ኤሌክትሮኖች ከለላ ነው። እሳት ከበው ከሚሞቁ ሰዎች መካከል የፊተኞቹ ሙቀቱን ለኋለኞቹ እንደሚከልሉ ሁሉ፣ የውስጥ ኤሌክትሮኖችም የኑክሊየሱን ስበት ለውጭኞቹ ያደክሙታል። በአንድ ረድፍ ወደ ቀኝ ስንሄድ ፕሮቶን ይጨመራል፤ አዲሶቹ ኤሌክትሮኖች የሚገቡት ግን በዚያው በውጭው ሽፋን ስለሆነ እርስ በርሳቸው የሚከላለሉት በጥቂቱ ነው። ስለዚህ አቶሙ ይጨመታል። ወደ ታች ስንወርድ አዲስ ሽፋን ይጨመራል፤ አቶሙ ይሰፋል፤ የውጭው ኤሌክትሮን ይላላል። ሊቲየም ውሃ ላይ ሲጣል ረጋ ብሎ ሲያፍለቀልቅ፣ ሲዚየም ግን የሚፈነዳው ለዚህ ነው ማለት ይቻላል።

ሦስተኛውን ረድፍ አብረን እንሂድበት፤ እባካችሁ ቁጥሮቹን ጻፉ። ከአንድ አቶም የመጀመሪያውን ኤሌክትሮን ነጥቆ ለማውጣት የሚያስፈልገው ኃይል በኪሎጁል በሞል ሲለካ፤ ሶዲየም 496፣ ማግኒዚየም 738፣ አሉሚኒየም 578፣ ሲሊከን 787፣ ፎስፈረስ 1012፣ ድኝ 1000፣ ክሎሪን 1251፣ አርጎን 1521። ደንቡ “ወደ ቀኝ ይጨምራል” ይላል። ጠቅላላ አካሄዱም እንደዚያው ነው፤ ከ496 ተነስቶ 1521 ደርሷል። ነገር ግን አሉሚኒየም ላይ ይወርዳል፤ ድኝ ላይም ይወርዳል።

ለምን? የማግኒዚየም ሁለት የውጭ ኤሌክትሮኖች ኤስ በተባለው ኦርቢታል፣ ማለትም በሽፋኑ ውስጥ ኤሌክትሮኖች በሚገኙበት ክፍል፣ ውስጥ ናቸው። አሉሚኒየም የሚጨምረው ኤሌክትሮን ግን ፒ ወደተባለው ይገባል፤ እሱም በኃይል ደረጃው ከፍ ያለና ከኑክሊየሱ ይበልጥ የተከለለ ነው። አንድ ፕሮቶን ቢጨመርም ያ ኤሌክትሮን የሚወጣው በቀላሉ ነው። የድኝ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ፎስፈረስ በሦስቱ የፒ ኦርቢታሎች ውስጥ አንድ አንድ ኤሌክትሮን አለው፤ ሁሉም ለየብቻው ተቀምጧል። ድኝ ጋ ስንደርስ አራተኛው ኤሌክትሮን ከአንዱ ጋር መደረብ ግድ ይሆንበታል፤ አንድ ዓይነት ሙል ያላቸው ስለሆኑ ይገፋፋሉ፤ አንዱን ማስወጣት ይቀልላል። እነዚህ ሁለት ስብራቶች በሁለተኛው ረድፍም፣ በቦሮንና በኦክሲጅን ላይ፣ ያው ቦታቸውን ጠብቀው ይገኛሉ። ኤሌክትሮኖች በሽፋን ብቻ ሳይሆን በንዑስ ሽፋንም እንደሚደረደሩ ያለ ምንም ማይክሮስኮፕ፣ ከስምንት ቁጥሮች ብቻ ማንበብ ይቻላል። ቀጥ ያለ መስመር ቢሆን ኖሮ ይህን አይነግረንም ነበር።

መምህራን ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ በሰንጠረዡ ጠርዝ ላይ የሚታተሙት ቀስቶች ጥቅማቸው የተጋነነ ይመስለኛል። ቀስቱ ተማሪው ቁጥሩን እንዳይመለከት ያደርገዋል።

ቁጥሩን የተመለከተ ሰው ምን እንደሚያገኝ ላሳያችሁ። በቀኝ ጠርዝ ያለው የክቡር ጋዞች ዓምድ፣ ሂሊየምን፣ ኒዮንን፣ አርጎንን፣ ክሪፕተንንና ዜነንን የያዘው፣ ለብዙ ዓመታት ከማንም ጋር የማይዋሃዱ ጋዞች ቤት ተብሎ ይታወቅ ነበር። መማሪያ መጻሕፍትም ሽፋናቸው ሙሉ ስለሆነ አይዋሃዱም ብለው ነገሩን ይዘጉታል። በ1962 ኒል ባርትሌት በካናዳ፣ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ፣ ፕላቲነም ሄክሳፍሎራይድ የሚባል ቀይ ጋዝ ያጠና ነበር። ይህ ጋዝ ኤሌክትሮን ለመንጠቅ ያለው ኃይል ከባድ ነው፤ ከኦክሲጅን ሞለኪውል እንኳ ኤሌክትሮን ነጥቆ ውህድ መፍጠሩን ባርትሌት አረጋግጧል። ከኦክሲጅን ሞለኪውል አንድ ኤሌክትሮን ለማውጣት 1175 ኪሎጁል በሞል ያስፈልጋል። ባርትሌት ወደ ክቡር ጋዞቹ ዓምድ ዞሮ ቁጥሮቹን ተመለከተ፤ ሂሊየም 2372፣ ኒዮን 2081፣ አርጎን 1521፣ ክሪፕተን 1351፣ ዜነን 1170። ወደ ታች በወረዱ ቁጥር ኤሌክትሮኑ ይላላል የሚለው ያው ተራ ደንብ ነው፤ ሁላችንም የምናውቀው። ዜነን ጋ ሲደርስ ግን ቁጥሩ ከኦክሲጅን በታች ወርዷል። እንግዲያው ኦክሲጅንን ያሸነፈ ጋዝ ዜነንን የማያሸንፍበት ምን ምክንያት አለ?

ሁለቱን ጋዞች በብርጭቆ መሣሪያ ውስጥ ለየብቻ አስቀምጦ መለያውን ሰበረው። ቀዩ ጋዝና ቀለም የለሹ ዜነን እንደተገናኙ ብርቱካናማ ቢጫ ጠጣር ነገር ታየ። የውህዱ ትክክለኛ አወቃቀር መጀመሪያ ከተጻፈው ይበልጥ የተወሳሰበ ሆኖ ተገኝቷል፤ ዜነን መዋሃዱ ግን ከዚያ በኋላ አላከራከረም። በዚያው ዓመት ሌሎች ተመራማሪዎች ዜነንን ከፍሎሪን ጋር በቀጥታ አዋሃዱት። ሁለቱም ቁጥሮች ማንም ሊያያቸው በሚችልበት ቦታ ታትመው ነበር። ጎን ለጎን አስቀምጦ ያነጻጸራቸው ሰው ነበር የጠፋው።

ሁለተኛ ምሳሌ ልስጥና ወደ ጥያቄ እገባለሁ። አራተኛውን ዓምድ ተመልከቱ፤ ዚርኮኒየም፣ ከሥሩ ሃፍኒየም። ሃፍኒየም አንድ ሙሉ ሽፋን ስለሚጨምር በደንቡ መሠረት መስፋት ነበረበት። ሲለካ የዚርኮኒየም ራዲየስ 160 ፒኮሜትር፣ የሃፍኒየም 159 ነው። በመካከላቸው ኤፍ በተባለው ንዑስ ሽፋን የሚቀመጡ አሥራ አራት ኤሌክትሮኖች ገብተዋል፤ እነዚህ ከለላ በመስጠት እጅግ ደካሞች ናቸው። ፕሮቶኑ አሥራ አራት ጊዜ ሲጨመር ከለላው አብሮት አላደገም፤ አቶሙ ተጨመተ፤ ሽፋን በመጨመሩ የሚገኘው ስፋት በሙሉ ተበላ። ስለዚህ ሁለቱ በኬሚካዊ ጠባያቸው ለመለየት እስኪያስቸግሩ ድረስ ይመሳሰላሉ። ዚርኮኒየም በ1789 ታወቀ። ሃፍኒየም በዚሁ በዚርኮኒየም ማዕድን ውስጥ ተደብቆ 134 ዓመት ቆየ፤ በ1923 ዲርክ ኮስተርና ጆርጅ ደ ሄቬሲ ኮፐንሃገን ውስጥ ያገኙት በሞዝሊ የኤክስሬይ ዘዴ ነው።

መመሳሰሉ በኑክሊየሳቸው ዘንድ ግን አይሠራም። ዚርኮኒየም ኒውትሮን ያሳልፋል፤ በኑክሌር ማብላያ ውስጥ የነዳጅ ዘንግ መሸፈኛ የሚሆነው ለዚህ ነው። ሃፍኒየም ኒውትሮን ይውጣል፤ እሱ መቆጣጠሪያ ዘንግ ይሠራበታል። በመሆኑም መሐንዲሶች የማይለያዩ የሚመስሉትን ሁለቱን በብዙ ድካም መለየት አለባቸው።

ስለ ወርቅ በአንድ ትንፋሽ ልናገር። ከብር ሥር ተቀምጦ እንደ ብር ያልነጣው፣ 79 ፕሮቶን ያለው ኑክሊየስ የውስጥ ኤሌክትሮኖቹን ከብርሃን ፍጥነት ከግማሽ በላይ ስለሚያስሮጣቸው ነው። በዚህ ምክንያት የኃይል ደረጃዎቹ ይቀራረባሉ፤ ወርቁ ሰማያዊውን ብርሃን ይውጥና ቢጫውን ይመልስልናል። ጎረቤቱ ባዜቃ በተራ ሙቀት ፈሳሽ የመሆኑ ነገርም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። የአንጻራዊነትን ንድፈ ሐሳብ የቀመረው አንስታይን እዚህ ምን ይሠራል የሚል ካለ፣ መልሱ ጣቱ ላይ ያለው ቀለበት ነው።

ለተማሪዎቹ አንድ ሥራ ሰጥቼ ልውረድ። የፍሎሪን አቶም ከክሎሪን ያነሰ ነው፤ በውህድ ውስጥ ኤሌክትሮን ወደ ራሱ በመሳብም የሚስተካከለው ንጥረ ነገር የለም። ነገር ግን አንድ ብቸኛ አቶም ኤሌክትሮን ሲቀበል የሚለቀቀው ኃይል ለፍሎሪን 328፣ ለክሎሪን 349 ኪሎጁል በሞል ነው። ክሎሪን በለጠ። ለምን እንደሆነ ዛሬ የተነጋገርንበት ነገር ይበቃችኋል፤ ፍንጭ ካስፈለገ ወደ ድኝ ተመለሱ። ከእረፍት በኋላ መልሳችሁን እሰማለሁ።

አመሰግናለሁ።