ከሦስተኛው ዱን ምን እንጠብቅ?

እንደምን አመሻችሁ! እንኳን ደህና መጣችሁ። ከኮምቦልቻና ከሐይቅ፣ ለዚህች ምሽት ብላችሁ ደሴ ድረስ የመጣችሁ ልጆች ደግሞ ልዩ ምስጋና ይገባችኋል።

ዛሬ ማታ የምናየው ሁለተኛውን የዱን ፊልም ነው። ዱን ግዙፍ ትሎች በሚኖሩበት የበረሃ ፕላኔት ላይ ስለሚነሳ ፖል ስለሚባል ወጣት የሚተርክ የሳይንስ ልቦለድ ነው። ዳይሬክተሩ ዴኒ ቪልነቭ ነው፤ ሦስተኛው ደግሞ በጉጉት እየተጠበቀ ነው። ስለዚህ ከማየታችን በፊት ስለምንጠብቀው ነገር ትንሽ እንድናወራ ፈለግሁ።

ሰሞኑን ያገኘሁትን ሁሉ «ምን ትጠብቃለህ? ምን ትጠብቂያለሽ?» እያልኩ ስጠይቅ ነበር። መልሱ ያው ነው። ጦርነቱ ካለፈው ይበልጥ። ትሉ በደንብ ይታይ። ፖል ሁሉንም ያንበርክክልን። አልፈርድባችሁም። ፖል ያን ግዙፍ የአሸዋ ትል ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጋልብ ከመቀመጫው ያልተነሳ ማን አለ? ድምፁ ብቻውን ደረት ያንቀጠቅጣል። እኔም ደግሜ ባየው አልጠግብም።

ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሦስተኛው ፊልም የሚነሳበት መጽሐፍ እንዲህ ብለው የጠበቁ አንባቢዎችን ያስከፋ መጽሐፍ ነው።

ደራሲው ፍራንክ ኸርበርት ጋዜጠኛ ነበር። የመጀመሪያውን የዱን መጽሐፍ ብዙ አሳታሚዎች መልሰውበታል። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ1965 ያሳተመለት፣ በመኪና ጥገና መጻሕፍት የሚታወቅ ድርጅት ነው። ከዚያ በፊት ታሪኩን በመጽሔት በተከታታይ ያወጣለት ጆን ካምቤል የሚባል አርታኢ ነበር። በሳይንስ ልቦለድ ዓለም ቃሉ መሬት የማይወድቅ ሰው ነው። ኸርበርት ቀጣዩን ክፍል ሲያቀርብለት ግን ካምቤል አልቀበልም አለ። ለምን? ጀግናው ጀግና አልሆነለትማ! አንባቢ የሚፈልገው የሚያሸንፍ ሰው ነው ብሎ ያምን ነበር። ኸርበርት ታሪኩን ይዞ ሄደ፤ በ1969 በሌላ መጽሔት ወጣለት። የመጀመሪያውን የወደዱ ብዙ አንባቢዎችም ከፋቸው።

ኸርበርት ከመነሻው ሊል የፈለገው ግልጽ ነበር፤ ሕዝብ አዳኜ ብሎ ከሚከተለው ሰው ተጠንቀቁ ነው ያለው። አንባቢው ግን ፖልን ወደደውና ማስጠንቀቂያውን ዘለለው። ሁለተኛው መጽሐፍ፣ ማለትም ሦስተኛው ፊልም የሚነሳበት፣ ማስጠንቀቂያውን ይበልጥ ግልጽ ያደርገዋል። መጽሐፉ ሲጀምር ፖል ከነገሠ 12 ዓመት ሆኖታል። በስሙ በተካሄደው ጦርነት 61 ቢሊዮን ሰው አልቋል። ቁጥሩን የሚናገረው ጠላቱ እንዳይመስላችሁ፤ ራሱ ፖል ነው።

አብሽሩ፣ ከዚህ በላይ አልነግራችሁም።

ይህን ታሪክ ወሎ ላይ ተቀምጦ ማየት የራሱ ስሜት አለው። የበረሃው ሕዝብ ፖልን ገና ሳያየው ይጠብቀው ነበር። ትንቢቱን ከብዙ ዘመን በፊት ሌሎች ሰዎች ሆን ብለው ዘርተውበታል። ትንቢት የሚጠብቅ ሕዝብ ለእኛ እንግዳ ነው እንዴ? በፍካሬ ኢየሱስ፣ ከመከራው ዘመን በኋላ ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥ ይነሣል ተብሎ አገር ሲጠብቅ ኖሯል። ደጃዝማች ካሣ በ1847 ዓ.ም. ሲነግሡ «ቴዎድሮስ» የተባሉት በዚህ የተነሣ ነው። ብዙም ሳይቆዩ ወደ ወሎ ዘመቱ፤ መቅደላንም ያዙ። በሚያዝያ 1860 ሕይወታቸው ያለፈውም እዚያው መቅደላ ላይ ነው።

አጤ ቴዎድሮስን እወዳቸዋለሁ። ስማቸው ሲነሳ ልቤ ይሞቃል። ነገር ግን በእነዚያ ዘመቻዎች የወሎ ሰው ምን እንደከፈለም እዚህ ያደግን እናውቃለን። ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ ከባድ ነው፣ ግን ይቻላል። ሦስተኛው ፊልም ከእኛ የሚፈልገው ይህንኑ ይመስለኛል። የምንወደውን ሰው ሳንጠላ፣ በስሙ የሆነውን እንድናይ።

ደግሞ ሌላም አለ። የመጀመሪያው ፊልም አሜሪካ ሲኒማ ቤት የገባው በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ነው። በዚያ ጥቅምት ደሴ ምን ላይ እንደነበረች ለእናንተ አላወራም። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ልጅ አዝሎ በእግሩ የወጣ ሰው ይኖራል። የቀረ ሰውም ይኖራል። እንግዲህ እኛ ከተማ ሲቃጠል እንደ ርችት እያየን የምናጨበጭብ ተመልካች ልንሆን አንችልም። ትልቅ ጦርነት አምጡልን ስንል፣ ጦርነቱ የሚያርፍበትን ሰውም አሳዩን ማለት አለብን።

«ተመልካች የጠየቀውን መስጠት ነው እንጂ ምን ፍልስፍና ያስፈልጋል?» የሚሉኝ ጓደኞች አሉኝ። ስታር ዋርስን እዩ እላቸዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ፊልም ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። በ2017 የወጣው ደፈር አለና ያልተጠበቀ መንገድ ሄደ፤ አፍቃሪው ለሁለት ተከፈለ። በ2019 የመጣው ደግሞ የተከፋውን ለማባበል የተሠራ ነው የሚመስለኝ። ከሦስቱ ዝቅተኛውን ገቢ ያገኘው እሱ ነው። ማባበሉ የተከፋውንም ያልተከፋውንም አላስደሰተም።

ቪልነቭ እንዲህ አያደርግም ብዬ ተስፋ የማደርገው በፖል ፍቅረኛ በቻኒ ምክንያት ነው። መጽሐፉ ላይ ቻኒ ከፖል ጎን ትቆያለች። ቪልነቭ ይህን ለውጦታል። ዛሬ ማታ መጨረሻውን ልብ ብላችሁ እዩልኝ። ፍሬመኖቹ፣ ያ የበረሃ ሕዝብ፣ ለፖል ሲንበረከኩ እሷ አትንበረከክም። ትታ ትወጣለች። በረሃው ላይ ብቻዋን ሆና ትል ትጠራለች። ካሜራውም ፊቷ ላይ ይቆያል። ትሉ ላይ ስትወጣ አናይም። የምናየው ዓይኗን ነው፤ ንዴትም አለበት፣ የተሰበረ ልብም አለበት። ፊልሙ እዚያ ላይ ያልቃል። ያን ሁሉ ድል አሳይቶን የመጨረሻውን ምስል ለአሸናፊው አልሰጠውም!

መጽሐፉን የሚወዱ አንዳንድ ሰዎች በዚህ ለውጥ ተናደዋል። እኔ በጣም ወድጄዋለሁ። ኸርበርት በሁለተኛው መጽሐፍ ግልጽ ያደረገውን ነገር፣ ቪልነቭ በአንዲት ሴት ፊት ላይ አሳየው።

ስለዚህ እኔ ከሦስተኛው የምጠብቀውን ልናገር። ቻኒን እንደ ሚስት ወይም እንደ ተቀናቃኝ ብቻ አድርጎ እንዳያሳንሳት። በፖል ላይ እንደፈረደች ሰው ሆና ትምጣ። ያ 61 ቢሊዮን የሚባል ቁጥር ደግሞ ቁጥር ሆኖ እንዳይቀር። አንድ ቤት፣ አንድ ቤተሰብ ይታይ። ፍጥነቱን በተመለከተ ከአሁኑ ልቦናችሁን አዘጋጁ። መጽሐፉ አጭር ነው፤ የቤተ መንግሥት ሴራ ይበዛዋል፣ ትልቁ ጦርነትም በአብዛኛው አልፏል። ፊልሙ ይህን ከተከተለ ዝግ ይላል። ሰለቸን ብላችሁ ስልካችሁን እንዳታወጡ! ሁለት ሰዎች ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ሲያወሩ ከትሉ በላይ የሚያስፈራ ነገር ሊኖር ይችላል።

በሉ አሁን ፊልሙ ይጀመራል። 2 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ነው፤ ውሃችሁን ያዙ። መጽሐፉን ያነበባችሁ ደግሞ እባካችሁ ለጎረቤታችሁ ቀድማችሁ አትንገሩ። አንድ ነገር ብቻ አደራ ልበላችሁ። መሀል ላይ ፖል ወደ ደቡብ አልሄድም ብሎ ያንገራግራል። ምን አይቶ እንደፈራ ልብ በሉ። ሲያልቅ መብራት እናበራና ውይይቱን ከዚያ እንጀምራለን። ማይኩ ለሁሉም ክፍት ነው።

አመሰግናለሁ።