ጠጋኙ በሌባ ዕዳ አይያዝ

የተከበራችሁ የድሬዳዋ ሞባይል ጠጋኞችና የመለዋወጫ ነጋዴዎች፣ እንደምን ዋላችሁ!

ከተማችን በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ሲደርስ ተቆርቁራ በባቡሩ ወርክሾፕ ዙሪያ ያደገች የባለሙያ ከተማ ናት። ዛሬ ታይዋን ገበያና ከዚራ ሰፈር ተቀምጣችሁ ቦርድ የምትበይዱ ልጆች የዚያ ሙያ ወራሾች ናችሁ።

ግን ከአንድ አይፎን የወጣ ኦሪጅናል ስክሪን ሌላው ላይ ስትገጥሙ ስልኩ «አላውቀውም» ሲላችሁ ኖሯል። የስክሪኑ፣ የባትሪውና የካሜራው መለያ ቁጥር ገና ፋብሪካ ሳለ ከዋናው ቦርድ ጋር ተጣምሯልና። እ.ኤ.አ. በ2021 አይፎን 13 ሲወጣ ከአፕል ውጭ ስክሪን ያስቀየረ ሰው ስልኩን በፊት የሚከፍተው ፌስ አይዲ ይጠፋበት ነበር። ጠጋኙ ትንሿን ቺፕ ከአሮጌው ነቅሎ አዲሱ ላይ መበየድ ነበረበት። ተቃውሞው ሲበረታ አፕል በሶፍትዌር ማሻሻያ ብቻ አስተካከለው። ልብ በሉ! ስክሪኑ ምንም አልጎደለውም ነበር፤ የከለከለው የኩባንያው ውሳኔ ነው።

አምራቾቹ «ማጣመሩ ለሌባ መከላከያ ነው» ይሉናል። ይህን አላቃልለውም። እ.ኤ.አ. በ2013 የመጣው አክቲቬሽን ሎክ የተሰረቀውን ስልክ ቢዘጋውም፣ ሌባው ፈታትቶ በዕቃ በዕቃው መሸጥ ይችላል። ስለዚህ በ2024 በአይፎኑ ሶፍትዌር፣ በአይኦኤስ 18፣ ቁልፉ ወደ ዕቃዎቹም ተሻገረ፤ ከተቆለፈ ስልክ የወጣ ባትሪ ሌላ ስልክ ላይ ሲገጠም የባለቤቱን የይለፍ ቃል ይጠይቃል። ይህን እደግፋለሁ። ልጇ የላከላትን ስልክ ቀፊራ ገበያ መሀል የተነጠቀች እናት ስታለቅስ ያየ ሰው አይቃወመውም።

የማልቀበለው ማንም «ተሰረቀብኝ» ያላለውን፣ ባለቤቱ በገንዘቡ የገዛውን ስልክ ዕቃም አብሮ መቅጣቱን ነው። የአሜሪካዋ ኦሪጎን ግዛት በ2024 ባወጣችው ሕግ፣ ማጣመሩ ጥገናን ማገጃ እንዳይሆን ከልክላለች። የእኛ ሕግ አውጪዎችም ይህን ጥያቄ ከእኛው አፍ ሊሰሙት ይገባል።

ግን በምን አፋችን እንጠይቃለን? የተሰረቀ ስልክ የሚገዛ ሱቅ በመካከላችን እስካለ ድረስ አምራቹ እኛን እያሳየ ይከራከራል። ስለዚህ ሊሸጥ የመጣ ስልክ ሁሉ *#06# ተደውሎበት የአይኤምኢአይ ቁጥሩ፣ ማለትም የስልኩ መለያ፣ ከሻጩ መታወቂያ ጋር ይመዝገብ። የተቆለፈ ከሆነ፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ፣ ለመለዋወጫም ቢሆን አንግዛው። የተሰረቀበት ሰው ቁጥሩን ይዞ ሲመጣ የሁላችንም ሱቅ እንዲያውቀው መዝገቡ የጋራ ይሁን። መዝገቡን የሚያዘጋጁ ሦስት ሰዎች፣ ከታይዋንም ከከዚራም፣ እዚሁ ሳንበተን እንምረጥ። ጥቆማ ከእናንተ እቀበላለሁ።