ጅቡቲ ወደብ ብቻ ናት እንዴ?

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለም፣ እኔና እናንተ ብቻ ነን። ስለ ጅቡቲ ላውራችሁ። ስለ ሀገሪቱ አይደለም፣ ስለ ከተማዋ።

እኛ ጋ ጅቡቲ ሲባል ወደብ ነው። ኮንቴይነር፣ ማዳበሪያ፣ ቦቴ፣ «ዕቃው ጅቡቲ ደርሷል» ምናምን። እኔም እስክሄድ ድረስ ሰው ተወልዶ የሚያድግባት ከተማ አድርጌ አስቤያት አላውቅም፤ ያሳፍራል፣ ግን እውነቱ ይሄ ነው።

የአክስቴ ልጅ የተሳቢ ሹፌር ነው። በጋላፊ በኩል ይዞኝ ገባ፣ ያውም በሐምሌ። ከአዲስ አበባ ዝናብ ወጥቼ እዛ ስወርድ ነፋሱ ራሱ አክንባሎ ሲነሳ ፊት እንደሚመታው ወላፈን ሆነብኝ። ከሰባት ሰዓት በኋላ መንገዱ ጭር፣ ሱቁ ሁሉ ዝግ። «በዓል ነው እንዴ?» አልኩት። ሳቀብኝ። አንዱ ሙቀቱ ነው፣ ሌላው ጫት። ጫቱ በየቀኑ ከኛ አገር ነው የሚገባው፤ እኩለ ቀን ገደማ ይደርሳል፣ ሴቶች መንገድ ዳር ጠረጴዛ ላይ ይዘረጉታል፣ ከዚያ ሰዉ ወደየጥላው ይገባል። ከተማዋ ነፍስ የምትዘራው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው።

ዋናው አደባባይ በወረቀት የነፃነታቸው ቀን ስም አለው፣ ጁን 27 ቀን 1977 እ.ኤ.አ.። ሰዉ ግን «ምኒልክ» ይለዋል። መጀመሪያ ደስ አለኝ፣ የኛ ሰው አይደል! ሳስበው ግን አይገርምም። ፈረንሳዮች ከተማዋን የቆረቆሯት በ1888 እ.ኤ.አ. ነው፤ ሐዲዱ ከዚያው ተነስቶ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። ከተማውና ባቡሩ አብሮ አደግ ናቸው።

ሻይ የጠጣሁባቸው ሰውዬ በሶማልኛ ይቀልዳሉ፣ ፍራንክ በፈረንሳይኛ ይቆጥራሉ፣ ከየመኑ ዓሣ ጠባሽ ጋር በዓረብኛ ይጨቃጨቃሉ፣ ሹፌሮቹን በአማርኛ ይጠራሉ። «ድብልቅ ናት፣ የራሷ ነገር የላትም» ሲባል እሰማለሁ። አልስማማም። ሰውዬው ምንም አላደባለቁም። የቱ ቋንቋ ለየትኛው ጉዳይ እንደሆነ ጥንቅቅ አድርገው ያውቃሉ። ፈረንሳይ፣ አሜሪካ፣ ጃፓን፣ ጣሊያን፣ ከ2017 እ.ኤ.አ. ወዲህ ቻይናም ጭምር እዚያች ትንሽ አገር ጦር አስፍረዋል፤ ያን ሁሉ ጎረቤት ይዞ መኖርም ይህንኑ ችሎታ የሚጠይቅ ይመስለኛል።

«እናንተ ታልፋላችሁ እንጂ አትመጡም» አሉኝ ሰውዬው፣ ቅያሜ በሌለው ድምፅ። መልስ አጣሁ።

ታኅሣሥ ላይ፣ ሙቀቱ ሲበርድ፣ በባቡር ልሄድ አስቤያለሁ። ያን ለሁለት ሰንጥቀው የሚጠብሱትን ዓሣ አንዴ ብቻ ነው የበላሁት፤ እሱንም መኪናው ሊነሳ ሲል፣ ቆሜ፣ ጣቴን እያቃጠለኝ።